በጠመንጃ በርሜል ውስጥ ስለምናስገባው ዘንግ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

እኔ በሠራዊቱ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ለብዙ ዓመታት አገልግዬ በጡረታ ከተሰናበትሁ በኋላ ኑሮዬን በጅማ ከተማ ያደረግሁ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ክረምቱ ሲወጣ በከተማችን በአንድ የቡና መጋዘን ያየሁት ነገር ነው። ጉዳዩ የአንድ መጋዘን ብቻ ሳይሆን በሕጋዊ ፈቃድ መሣሪያ የሚያነግቱትን ዘበኞች፣ ሚሊሻዎችና አርሶ አደሮች ሁሉ የሚመለከት ስለሆነ፣ በጋዜጣዎ ላይ ቦታ እንዲሰጡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ነገሩም የጠመንጃ በርሜል በምን ይወለወላል የሚለው ነው።

የመጋዘኑ የጥበቃ ኃላፊ የቆየ ወዳጄ ነው። «አንዱ ክላሽ ጨርቅ ዋጠብን፤ መጥተህ እይልን» ብሎ ላከብኝና ሄድሁ። መሣሪያውን የተረከበው ወጣት ዘበኛ ከመቀመጫው ተነሥቶ ሲቀበለኝ ጭንቀቱ በፊቱ ላይ ይታይ ነበር። «ጋሼ፣ ልወለውል ብዬ ነው፤ ከገባ በኋላ አልወጣም አለኝ» አለኝ። በምን እንደሚወለውል ስጠይቀው ከግድግዳው ጥግ አንድ ዘንግ አንሥቶ አሳየኝ። ከግንባታ የተረፈ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ፌሮ ነበር። ጫፉ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ ውስጥ የአሮጌ ሹራብ ቁራጭ ይወተፍበታል። ፌሮው ራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዝጓል። በመጋዘኑ ያሉት አራት ክላሽንኮቮችና ሁለት አሮጌ ምንሽሮች በሙሉ የሚወለወሉት በዚያው በአንድ ፌሮ ነበር።

ልጁን አልወቀስሁትም። ድርጅቱ ጠመንጃዎቹን በፈቃድ ተረክቦ ለዘበኞቹ ሲያስፈርም የጥይቱን ቁጥር በጥንቃቄ መዝግቧል፤ መወልወያ ግን ለማንም አልሰጠም። በክላሾቹ ሰደፍ ውስጥ መኖር የነበረበት ዕቃም በአንዳቸውም አልተገኘም። ወጣቱ መሣሪያው እንዳይዝግበት በማሰብ ባገኘው ነገር ሠራ፤ የጎዳውም ያው በጎ ሐሳቡ ነው። ካዝናው መነቀሉንና በርሜሉ ውስጥ ጥይት አለመኖሩን አረጋግጬ፣ መዝጊያውን አውጥቼ ስመለከት ጨርቁ ወደ ጥይት መግቢያው ቀርቦ ተወትፎ ነበር። ቀጭን ዘይት አፍስሼበት ካሳደርሁት በኋላ ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ የናስ ዘንግ ከአፈሙዙ በኩል በቀስታ ገፍቼ አወጣሁት። ከባልደረቦቹ አንዱ «ጥይት ተኩሰን ብናስወጣውስ?» ብሎ እንደነበር ስሰማ በጣም ደነገጥሁ። በርሜል ውስጥ የተወተፈ ነገር እያለ የተተኮሰ ጠመንጃ በርሜሉ ሊፈነዳ፣ የተኳሹን እጅና ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

የጠመንጃ በርሜል ከውጭ ሲታይ ተራ የብረት ቱቦ ይመስላል። ውስጡ ግን አረሩን እያሾሩ የሚያስወጡ ጥምዝምዝ ቦዮች ተቀርጸውበታል። በክላሽንኮቭ በርሜል ውስጥ እነዚህ ቦዮች አራት ሲሆኑ በየ240 ሚሊ ሜትሩ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራሉ። የበርሜሉ ውስጣዊ ስፋት 7.62 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከቦይ እስከ ቦይ ሲለካ 7.92 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። እንግዲህ የአንዱ ቦይ ጥልቀት 0.15 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሁለት የራስ ጠጉር ቢደራረብ ያንን ያህል ይሆናል። ጠመንጃው ያነጣጠሩበትን እንዲመታ የሚያደርገው ይህ የጠጉር ውፍረት ያለው ሥራ ነው፤ ዝገትና አሸዋ የተጣበቀበት ፌሮ በየሳምንቱ የሚመላለሰውም በዚሁ ላይ ነው።

ከበርሜሉም ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ አፈሙዙ ነው። በንግግራችን መላውን በርሜል አፈሙዝ የምንልበት ጊዜ አለ፤ እኔ ግን እዚህ ላይ አፈሙዝ የምለው አረሩ የሚለቅበትን የመጨረሻውን ጠርዝ ነው። አረሩ ከዚያ ጠርዝ ሲላቀቅ ከኋላው የሚገፋው ጋዝ በዙሪያው እኩል መውጣት አለበት። ጠርዙ በአንድ ጎኑ ከተበላ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና የአረሩን ጭራ ይነቀንቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የተኳሹ እጅ ምንም ያህል ቢጸና አረሩ ወደታሰበበት አይሄድም። በዚያ መጋዘን ካየኋቸው አራት ክላሾች የሁለቱ አፈሙዝ በፌሮው ፍትጊያ ወደ አንድ ጎን ሞላላ ሆኗል። መጋዘኑ በመኖሪያ ቤቶች መካከል የሚገኝ ነው። ዘበኛው ሌባን ለማስደንገጥ ወደ ሰማይ እንኳ ቢተኩስ ኃላፊነቱ ከባድ ነው፤ አነጣጥሮ የማይመታ መሣሪያ በጎረቤት ልጆች መካከል ምን እንደሚያመጣ ለማሰብ አልፈልግም።

ክላሽንኮቭ ከኋላው ቀጥ ያለ ዘንግ የሚያስገባ ክፍተት ስለሌለው በዘንግ የሚወለወለው በግድ ከአፈሙዙ በኩል ነው። የሠሩት ሰዎችም ይህን ስለሚያውቁ መፍትሔውን ከመሣሪያው ጋር አብረው ሰጥተዋል። ከበርሜሉ ሥር የተሰካው ዘንግ የመወልወያ ዘንግ ነው። የእንጨት ሰደፍ ባለው ክላሽ ደግሞ ከሰደፉ ግርጌ ያለችውን ክዳን በጣት ሲገፏት አንዲት የቆርቆሮ ቱቦ ትወጣለች። በውስጧ ብሩሽ፣ ጨርቅ የሚያዝበት ጫፍ፣ መፍቻና የፒን ማስወጫ ይገኛሉ። ቱቦዋ ራሷ በዘንጉ ላይ ስትሰካ እጀታ ትሆናለች፤ መካከሉ ቀዳዳ የሆነው ክዳኗ ደግሞ በአፈሙዙ ላይ ይደፋና ዘንጉን በመካከል ይመራዋል፤ በዚህም ምክንያት ዘንጉ ጠርዙን አይነካም። ከሁሉም ዕቃ ቀድሞ የሚጠፋው ይህ ክዳን ነው፤ ሰዎች ጥቅሙን ስለማያውቁ እንደ ተራ የቆርቆሮ መክደኛ ይጥሉታል። ዘንጉንም ከመሣሪያው ነቅለው የከሰል መቆስቆሻ ያደረጉበትን ቤት በዓይኔ አይቻለሁ። ክላሽ ያለው ሰው ሌላ መወልወያ ፍለጋ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ሰደፉን ከፍቶ ያለውን ይቁጠር። ክዳኑ ከጠፋበትም ቶርኖ ላለው ባለሙያ በአፈሙዙ ልክ ዘንጉን የምትመራ የናስ ቀለበት ማሠራት ይችላል፤ ይህች ቀለበት የመወልወያ ዕቃ ናት እንጂ የመሣሪያው አካል አይደለችም።

ምንሽርና ሌሎችም መዝጊያቸው ወደ ኋላ የሚወጣ ጠመንጃዎች ግን ዕድለኞች ናቸው። መዝጊያውን አውጥቶ ዘንጉን ጥይት በሚገባበት በኩል አስገብቶ በአፈሙዙ ማስወጣት ይቻላልና፤ እንዲህ ሲደረግ ቆሻሻውም አረሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ይወጣል። በመጋዘኑ ያሉት ምንሽሮች ያለ ምንም ምክንያት እንደ ክላሹ ከፊት ሲወለወሉ መኖራቸው አሳዝኖኛል።

ስለ ዘንጉ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። «ለስላሳ ብረት በርሜል አይጎዳም» ይባላል፤ በከፊል እውነት ነው። ይሁን እንጂ እንደ አሉሚኒየም ያለ ለስላሳ ብረት የአሸዋና የባሩድ ቅንጣት ይሰገሰግበትና ራሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል። በመገጣጠሚያ የሚቀጠሉ ዘንጎችም ሲገፉ ይጎብጣሉ፤ መገጣጠሚያቸውም በጉብጠቱ ላይ የበርሜሉን ግድግዳ ይፍቃል። እኔ የምመርጠው አንድ ወጥ የሆነ፣ ገጹ የለሰለሰ ጠንካራ የብረት ዘንግ ወይም ወፍራም የናስ ዘንግ ሲሆን፣ ከተቻለ እጀታው በራሱ የሚሽከረከር ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም ብሩሹ ቦዮቹን ተከትሎ መዞር አለበት። እጀታው የማይዞር ከሆነ ብሩሹ ቦዮቹን በአግድም እያቋረጠ ይሄዳል፤ በቦዩ ጥግ ያለው ጥቀርሻም ሳይነካ ይቀራል። ዘንጉ የትኛውም ዓይነት ቢሆን በገባና በወጣ ቁጥር በጨርቅ መጠረግ አለበት። ይህ ትንሽ የሚመስል ልማድ ዘንጉ ውድ ከመሆኑ ይበልጣል።

ብሩሹ በመሣሪያው ልክ መሆን አለበት። ለ7.62 የተሠራ ብሩሽ በ5.56 በርሜል ውስጥ አይገባም፤ የ5.56 ብሩሽ ደግሞ በ7.62 ውስጥ ግድግዳውን ሳይነካ ይመላለሳል፤ ሰውየውም ወለወልሁ ብሎ ይተኛል። የብሩሹ ጠጉር ከነሐስ ቢሆን ይመረጣል፤ ነሐስ ጥቀርሻውን ይፍቃል እንጂ የበርሜሉን ብረት አይሞርድም። በገበያ ላይ ግን ነሐስ መስሎ የተቀባ የብረት ብሩሽ ይሸጣል። ይህንን ለመለየት ማግኔት ይበቃል፦ የጠጉሩን ጫፍ ማግኔት ከሳበው ብረት ነውና ይተዉት። የብሩሹ እምብርት የሆነው የተጠመዘዘ ሽቦ ብረት ሊሆን ስለሚችል የሚፈተነው ጠጉሩ ብቻ ነው። የናይለን ብሩሽም መጥፎ አይደለም፤ ዘይትና ማጠቢያ ፈሳሽ ለማዳረስ ይጠቅማል፣ የደረቀ ጥቀርሻን ለማስለቀቅ ግን ኃይል ያንሰዋል። የነሐስ ብሩሽ አንዴ ከገባ እስከ ወዲያኛው ጫፍ ወጥቶ ነው የሚመለሰው፤ በመካከል ላይ ወደ ኋላ ቢጎተት ጠጉሩ ይታጠፍና በርሜሉ ውስጥ ይቀረቀራል። የድስት መፈተጊያ ሽቦ በዘንግ ላይ ጠምጥሞ የሚያስገባ ሰው ስላየሁ እጽፈዋለሁ፤ ይህ በፍጹም መደረግ የለበትም።

ለጨርቅ ከሁሉ የሚሻለው አቡጀዲ ነው። ንጹሕ ጥጥ ነው፤ ይታጠባል፤ ዘይት ይመጥጣል፤ ክሩም አይበተንም። ብዙ ሰው አሮጌ ነጠላ ይቀድዳል፤ ጥጥነቱ መልካም ቢሆንም ፈትሉ እየላላ በርሜሉ ውስጥ ብናኝ ይተዋል። ናይለን ነክ ጨርቅ እርጥበትን ስለማይመጥ፣ ሹራብም ሲወተፍ እንደ ቡሽ ስለሚጠብቅ አይሆኑም። ለ7.62 በርሜል በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቁራጭ ቆርጦ መሞከር፣ ሲገፋ ከከበደ ደግሞ ከዳርና ከዳር መቀነስ ነው። በመጠነኛ ኃይል የማያልፍ ጨርቅ በጉልበት አይገፋም፤ ወጣቱ ዘበኛ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነበር።

የገመድ መወልወያን የሚጠይቁኝም አሉ። በአንድ ጫፉ የናስ ክብደት ያለው ገመድ ጥይት በሚገባበት በኩል ይጣልና በአፈሙዙ በኩል ይጎተታል። የእንግሊዝ ወታደሮች ይህን ገመድ ከዘይት ጠርሙስ ጋር በጠመንጃቸው ሰደፍ ውስጥ ይይዙት ነበር። ለክላሽም ከኋላ ወደ ፊት ስለሚሠራ እጅግ ይስማማል፤ በኪስም ይያዛል። ይሁን እንጂ ገመዱ በቀጥታ ካልተጎተተና በአፈሙዙ ጠርዝ ላይ ተጋድሞ ከተሳበ፣ ፌሮ የሚያደርሰውን ጉዳት ቀስ በቀስ ያደርሳል። ገመዱ ካልታጠበም የትናንቱን ቆሻሻ መልሶ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ያረጀ ገመድ ደግሞ ውስጥ ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ ለመስክ ጥሩ ረዳት ነው፤ ለዋናው ውልወላ ዘንጉን አይተካም።

አሁን ወደ ጅማችን ልምጣ። ከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ፣ ክረምቱም ረጅም የሆነባት ናት። በሐምሌ ክፍቱን የተተወ ጨው ውሃ እንደሚያወጣ ማንኛዋም የጅማ እመቤት ታውቃለች። ይህ በጠመንጃ ውስጥም ይሆናል። በቀለሁ ግርጌ መቺው የሚመታት ትንሽ ቆብ በብዙ አሮጌ ጥይቶች ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት የተባለ ቅመም ነበራት፤ ይህ ሲቃጠል የገበታ ጨው ዘመድ የሆነውን ፖታሲየም ክሎራይድን በበርሜሉ ውስጥ ይተዋል። ጨዉ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ ብረቱን ይበላል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ዘይት በብዛት በማፍሰስ ነው። ዘይትና ነጭ ጋዝ ጨውን አያሟሙም፤ ሸፍነውት ከሥር ሥራውን እንዲቀጥል ይተዉታል። ጨውን የሚያሟማው ውሃ ነው። እንግሊዞች ከተኩስ በኋላ በጠመንጃቸው በርሜል የፈላ ውሃ ያፈሱ የነበረው ለዚህ ነው። በሩሲያ ሠራዊት የቀድሞ የዘይት ዕቃም ሁለት ክፍል ነበረው፤ በአንዱ ጨዉንና ጥቀርሻውን የሚያስለቅቅ ማጠቢያ፣ በሌላው ዘይት ይያዝ ነበር። አባቶቻችን ውጅግራ የምንለውን፣ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡትን 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ በያዙበት ዘመንም የጥቁር ባሩድ ዝቃጭ የሚለቀው በውሃ ነበር።

ስለዚህ አሮጌ ጥይት የተኮሰ ሰው በዚያው ቀን በሙቅ የሳሙና ውሃ የራሰ አቡጀዲ ደጋግሞ ያሳልፍ፤ ከዚያ በንጹሕ ሙቅ ውሃ፣ ቀጥሎ ጨርቁ ደርቆ እስኪወጣ ድረስ በደረቅ ጨርቅ፤ በመጨረሻ በስሱ የመሣሪያ ዘይት ይቀባ። ከእንጨቱ ውሃውን ማራቅ ያስፈልጋል። በክላሽ ውስጥ የጋዙ ቱቦና ፒስተኑም በዚሁ መንገድ መታጠብ ይገባቸዋል፤ ጨዉ ወደዚያም ይሄዳልና። የብዙዎቹ ክላሾች በርሜል ውስጡ በክሮም የተለበጠ መሆኑ ዝገትን ያዘገያል፤ ነገር ግን ክሮሙ የተቧጨረበት ቦታ ሁሉ ለዝገት በር ይከፍታል። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ንጹሕ ጨርቅ አሳልፎ ማየት ጥሩ ነው፤ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ሥራው አላለቀም። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት መጠቀም አይገባም፤ አሲድና የብረት ቅንጣት ያለበት ነውና። ቤንዚን ደግሞ በቤት ውስጥ እሳት ያስነሣል። ከመተኮስ በፊት በበርሜሉ ውስጥ ያለው ዘይት በደረቅ ጨርቅ መጠረግ እንዳለበትም አይረሳ፤ የተጠራቀመ ዘይት ግፊቱን ከመጠን በላይ ያደርገዋል።

በክረምት ዝናብ እንዳይገባ ብሎ አፈሙዙን በጨርቅ ወይም በቡሽ የሚወትፍ ብዙ ሰው አለ። ይህ ልማድ ሁለት ጉዳት አለው፦ እርጥበቱን ውስጥ ይዞ ያስቀራል፣ በድንጋጤ ጊዜ ሳይወጣ ቢተኮስ ደግሞ ከላይ የተናገርሁትን ፍንዳታ ያመጣል። በቆዳ ሰገባ ውስጥ ለወራት ማኖርም እንዲሁ ነው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። መሣሪያው ደረቅ ቦታ፣ ቁልፍ ባለው ሣጥን፣ ልጆች በማይደርሱበት፣ ከጥይቱ ተለይቶ ይቀመጥ።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ መሣሪያ መያዝ በፈቃድና በኃላፊነት የሚደረግ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ፈቃዱን የያዙት ድርጅቶችም ኃላፊነቱን ወደ ዘበኛው ብቻ እንዳያወርዱት አጥብቄ እጠይቃለሁ። አንድ ዘበኛ በወር በሚያገኘው ደመወዝ ለቀጣሪው መሣሪያ መወልወያ እንዲገዛ መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም፤ ካልገዛም ፌሮ ያነሣል። ድርጅቱ ጠመንጃውን ሲያስረክብ በርክክብ ቅጹ ላይ ዘንጉን፣ በልኩ የሆነውን የነሐስ ብሩሽ፣ የአፈሙዙን መሪ ክዳንና የዘይት ዕቃውን በስማቸው ይጻፍ፤ ዘበኛውም ለእነርሱ ይፈርም፤ በየዓመቱም ከጥይቱ ጋር አብረው ይቆጠሩ። ሚሊሻ የሚያሠለጥኑ ኃላፊዎችም ከተኩስ ልምምዱ ቀጥሎ ግማሽ ቀን ለውልወላ ቢመድቡ፣ እያንዳንዱም ሠልጣኝ የራሱን ሰደፍ ከፍቶ ዕቃውን በእጁ ቢያውቀው መልካም ነው።

ያ ወጣት ዘበኛ አሁን የራሱ ብሩሽ አለው፤ ወዳጄ ከገዛው ሦስት ብሩሽ አንዱ ተሰጥቶታል። ፌሮው ከመጋዘኑ ወጥቷል። ሞላላ የሆኑት ሁለቱ አፈሙዞች ግን በውልወላ የሚመለሱ ስላልሆኑ፣ ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ባለሙያ እንዲያያቸው ለድርጅቱ በጽሑፍ አመልክተናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

ጡረታ የወጣ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሠራተኛ
ጅማ